ሣጥኑ የታለ?

ባሕር ዳር፣ ሺንብጥ፣ ከወደቡ ጀርባ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ፣
ጋሽ አንሙት መደርደሪያ አለው፣ የማይነካ፣ የማይሸጥ፤
ከላይ የጅቡቲው እርሳስ፣ ጅራቱ የተሰበረ፣
ቀጥሎ የፕላስቲኩ፣ በሙጫ ተጣብቆ የቀረ፣
ሦስተኛው የዋንዛ፣ እሱው በሴንጢ የጠረበው፣
ምጽዋ፣ በተረኛ ሌሊት፣ እንቅልፍ እንቢ ሲለው።

አራተኛው የሰርዲን ቆርቆሮ ነው።
እሱን እኔና እሱ ሠራነው፣ ክረምት ላይ፣ ትምህርት ሲዘጋ።

ሁሉም ያው አንዲት መርከብ ናት፣ ሰርጓጅ፣ ሞተር የሌላት፣
አሜሪካ እርስ በርሱ ሲፋጅ የሰው ክንድ የነዳት።
«ሰባቱ ዘንግ ያዞራሉ፣ ጎን ለጎን ተኮራምተው፣
ስምንተኛው አለቃ ነው፣ መሪው በእጁ ያለው።
ሻማ አለች ከፊቱ፤ ነበልባሏ ሲጠወልግ
አየር አለቀ ማለት ነው፤ ያኔ መውጣት ነው ሕግ።»

ከቄሰ ገበዙ ለምኜ ሰም አመጣሁ፣ የጧፍ ትራፊ፤
ጣት የማያህል ስምንት ሰው ሆነ፣ ስምንት ቀዛፊ።
«አለቃውን በሌላ ውጊያ ጥይት ጭኑን ሲመታው
ኪሱ የነበረች የወርቅ ሳንቲም ጎብጣ ነው ያተረፈችው፤
ከዚያ ወዲያ አይለያትም፣ ሲተኛም ሆነ ሲመጣ።»
ይህን አለና የወለቀ የወርቅ ጥርሱን አወጣ፤
ጠርዙን በሞረድ ፈገፈገ፤ ብናኟን በጣቱ ጫፍ
አንሥቶ ሰሙ ጭን ላይ አጣበቃት፣ እንዳትረግፍ።

መሪጌታ ይኸነው ሊጠይቁት ብቅ ብለው
«ሰምና ወርቅ ስናስፈታ ኖርን፤ አንተ በጣትህ ሠራኸው!»
ብለው ሳቁ።
ጋሽ አንሙት አልሳቀም።
«መሪጌታ፣ የዚህኛው ሰሙም ወርቁም ሰጥሟል።»

ሁለት ጊዜ ሰጥማለች፣ ገና ጦር ሳታይ፣ ወደብ ላይ፤
መጀመሪያ አምስት፣ ቀጥሎ ስምንት፤ ሬሳው ወጣ ወደ ፀሐይ፤
ታጠበች፤ ተወለወለች፤ ሌላ ስምንት ሰው ተሰለፈ።
«ተገደው?» አልኩት። «በፈቃድ» አለኝ። እጁ ለጊዜው ዐረፈ።
«ከየትኛው ወገን ናቸው?»
«ሰው እንደ በሬ ይሸጥ ካለው።»
«ታዲያ ለምን ወደድካቸው?»

«ማን ወደድኩ አለህ? እቆጥራቸዋለሁ እንጂ።
እኔም መርከብ ነበረኝ። የመን ነው የቀረችው።
ማን እንደወጣ፣ ማን እንደቀረ በስም ስቆጥር አድራለሁ፤
ሠላሳ ላይ ስደርስ ይጠፋኛል።
ስምንት ግን ይያዛል።»

ነሐሴ ላይ፣ ጣና ሞልቶ ደንገሉ አንገቱ ድረስ ሲገባ፣
በዓሣ ክር አወረድናት፣ ዓባይ ከሚወጣበት አቅራቢያ።
አንዴ ወጣች።
ሁለቴ ወጣች።
በሦስተኛው ክሩ እጄ ላይ ቀለለ።

«ያኔም ሦስተኛው ላይ ነው» አለኝ። «የጠላት መርከብ አስጥመው፣
በሰማያዊ ፋኖስ ምልክት ሰጡ ይባላል፣ መጣን ብለው።»
«መጡ?»
ዝም አለ።
ጉማሬ ለግጦሽ እስኪወጣ ድረስ ከዳር አልተነሣም፤
እኔም ክሩን ጠቅልዬ ያዝኩ እንጂ እንሂድ አላልኩም።

በሁለት ዓመቱ የምኒችል መረብ ከቀረሶ ጋር አወጣት፤
ዝገት ቢበላት፣ ጭቃ ቢሞላት፣
ከፍተን አየን፦ ሰሞቹ ከወንበራቸው አልተነሡም።
«እነዚያም እንዲሁ ነው የተገኙት» አለ፣ «ከመቶ ሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ።
ወደ በሩ የተሻማ የለም።»

ባለፈው ሰኔ አንድ ሰብሳቢ ከአዲስ አበባ መጣ፤
መነጽሩን ወልውሎ ሁሉንም ገልብጦ አየ፣ ዋጋ አወጣ፤
ለእርሳሱ ይህን፣ ለፕላስቲኩ ያን። «ሣጥኑ ካለ እጥፍ ነው፤
ኦሪጅናል ሣጥኑ የታለ?» አለው።

ጋሽ አንሙት ሰርዲኗን አወረደ፤
ክዳኗን በጥፍሩ ፈለቀቀ።
«ሣጥኑ ይኸው።»

ሰውዬው ጎንበስ አለ፤
ሳያስበው ይመስለኛል፣ በጣቱ መቁጠር ጀመረ።
ስድስት ላይ ሲደርስ ዝናብ ጣራውን ደበደበው፤
እንደገና ከአንድ ጀመረ።